የወፍጮው ቅሬ

ሐይቅ፣ ከመስጊዱ በታች፣ ገበያው ጠርዝ ላይ፣
አባቴ ወፍጮ አለው፣ ብናኙ ከሩቅ የሚታይ።
ቅንድቡ ነጭ ነው፤ ሽበት ይሁን ዱቄት
እኔም ለይቼ አላውቅ፣ እናቴም የላት ማስረጃ፣ የላት ወረቀት።

ቅዳሜና እሁድ ደሴ ወጥቼ ሂሳብ የምማር ልጁ ነኝ፤
ሰባተኛው ምዕራፍ፣ «የእርጅና ቅናሽ»፣ እንቅልፍ ነሳኝ።
መምህሩ «ምሳሌ አምጡ» አለ፣ «ከምታውቁት ቤት»፤
እኔ የማውቀው ቤት አንድ ነው፣ ይሄ ወፍጮ ያለበት።

«ስንት ገዛኸው?» አልኩት ቺንጋውን ሲያጠብቅ፤
«ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ድምፁ ሳይደምቅ።
«ስንት ዓመት ይሠራል?»
«አላህ ነው የሚያውቀው።»
«መጽሐፉ ግን ቁጥር ነው ከኔ የሚጠብቀው።»
ስምንት አልን፣ በስምምነት። ሲሞት፣ በብረት ዋጋ
ሃያ ሺህ ያወጣል አለ ቁራሌው ይማም፣
በዓይኑ መዝኖት ከደጅ፣ ገና ሳይጠጋ።

ከሁለት መቶ ስድሳው ሃያው ሲነሳ
ሁለት መቶ አርባ፤ ለስምንት ሲካፈል፣ ሠላሳ።
ሠላሳ ሺህ በዓመት።
በዓመት ሺህ ኩንታል ነው የሚያልፈው በጉሮሮው፤
በያንዳንዱ ኩንታል ሠላሳ ብር ይጎድላል ከኑሮው።

መብራት አርባ። የእንድሪስ ደመወዝ ሠላሳ ስድስት።
ድንጋይ መውቀሪያ አራት።
ድምሩ ሰማንያ።
«ከመቶ ሃያው አርባ ትርፌ ነው» ሲል ኖሯል፤
ለካስ በየአርባው ውስጥ ሠላሳ ብር ወፍጮ ተበልቷል።

«አባ» አልኩት፣ «እህል ብቻ አይደለም አምስት ዓመት የፈጨኸው፤
ወፍጮውን ራሱን ነው፣ ፈጭተህ ለኛ ያበላኸው።»
ሳቀ። «ትናንት የበላሽው ቂጣ ብረት ብረት ይል ነበር?
ከኪሴ ካልወጣ እንዴት ወጪ ይሆናል? አምጪ ምስክር።»

በሌላ መንገድ ሞከርኩ፣
ቀጥታ መስመር አልኩት፣ በጣቴ ቁልቁል አሰመርኩ፣
የመዝገብ ዋጋው ዛሬ መቶ አሥር ሺህ ነው አልኩ።
«ማን ቀነሰው?»
«ጊዜ።»
«ጊዜ ደረሰኝ አይሰጥ!»
አለና ግራሶውን አንስቶ ሄደ፣ ኩሺኔታውን ሊያስውጥ።

ያኔ ቅሬ ትዝ አለኝ።
ወር በገባ ቁጥር፣ ማንም ሳይሞት ከቤቱ፣
አምሳ ብሩን ይዞ ይሄዳል፣ ጀምሮ ከወጣትነቱ።
«ማን ሞቶ ነው የምትከፍለው?»
«ለሚሞተው ነዋ!» አለኝ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፤
ወደ ወፍጮው ዞረ። ግራሶው ከእጁ አመለጠ።
«ይህ ነው?»
«ይህ ነው፣ አባ።»
«በወር ስንት ይደርሰዋል?»
«ሁለት ሺህ አምስት መቶ።»
«ወላሂ፣ የብረት ሞት የሰውን ሞት ይበልጠዋል!»

የወተት ጣሳ አመጣ፣ ክዳኑን በሚስማር ሰነጠቀ፤
«የወፍጮው ቅሬ» ብሎ በከሰል ጻፈና
ከኔ መዝገብ በፊት ጉዳዩን አጸደቀ።

ዋጋ ጨምር አልኩት፤ በኩንታል አሥር ብር ትርፍ አይበቃም።
«በጆንያ የሚያመጣ ይጨምር፤ በቁና የመጣች ግን አትነካም።
ወይስ ለእትዬ ዘነቡ አንቺ ትነግሪያታለሽ?»
ዝም አልኩ።
ቁናዋን ከቋሚ ወጪ ሥር ጻፍኩ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ደንብ አነበብኩለት፦
«መሬት ግን አያረጅም፤ ቅናሽ አይታሰብበት።»
አሁን አልሳቀም።
በሩን ከፈተና ሐይቁን አሳየኝ፤ ትናንት የወረደው ጎርፍ
አደፍርሶት ሻይ አስመስሎታል ከጫፍ እስከ ጫፍ።
«የአባቴ ማሳ እዚያ ነው» አለ፤ ጣቱ ወደ ተራራው አልቀና፣
ወደ ውሃው እንጂ። «ገብስ ዘርቼበታለሁ፣ ላይ ሳለ ገና።
በየክረምቱ አንድ ስንዝር፣ አንድ ስንዝር ሲወርድ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ማን ቀነሰ? በየትኛው ዓምድ?»

ከሰንጠረዡ ግርጌ «መሬት» ብዬ ጻፍኩ፤
ፊት ለፊቱን ባዶ ተውኩ።
ባዶውን በቀይ ቢያከብበው መምህሩ፣
ሐይቅ ድረስ ይምጣ፤ ይታያል ከዳሩ።